ጠጉር በደረቁ ይቆረጥ ወይስ በውሃ?

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ጠጉር ነው። «ጠጉር ደግሞ ምን ወሬ አለው?» የሚል ሰው ይኖር ይሆናል። አለው እንጂ! ጠጉር ማስቆረጥ ገንዘብ ያስወጣል። ካልተጠነቀቁበትም በሽታ ያመጣል።

ሰኞ ለገበያ ደሴ የወጣ ሰው በጉን ወይም እህሉን ከሸጠ በኋላ ጠጉር አስተካካይ ቤት ጎራ ማለቱ የተለመደ ነው። ከእኛ መካከል አንዱም ሚዜ ሊሆን በሰርጉ ዋዜማ እንዲሁ አደረገ። ጠጉሩ ከርዳዳ ነው። አስተካካዩ ራሱን በውሃ አራሰው፤ ጠጉሩን በሚዶ ወደ ላይ እየሳበ በመቀስ ቆረጠለት። በመስታወት ሲያየው አማረበት። ሰርጉ ኮምቦልቻ ነበርና በመኪና ተሳፍሮ ሐረጎን ወረደ። ደሴ 2,500 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ያለች ብርዳም ከተማ ናት። 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ከታች ያለችው ኮምቦልቻ ግን ከፍታዋ 1,850 ሜትር ገደማ ስለሆነ ሞቃት ናት። ከመኪናው ሲወርድ ጠጉሩ ደርቋል። ታዲያ ምን ሆነ? እዚህ ጉብ፣ እዚያ ጎድጎድ ብሎ፣ ካሰበውም በላይ አጥሮ ተገኘ። ሙሽራው «አንተ፣ ጠጉርህን አይጥ በላው እንዴ?» አለው። ሰርጉን በቆብ ዋለ።

እኛ የኮምቦልቻ ሙቀት ያበላሸው መስሎን ነበር። ኋላ ስንጠይቅ ያታለለው ውሃው ነው።

ጠጉር ውሃ ሲጠጣ ይለሰልሳል፤ ሲስቡትም ይለጠጣል። ስለዚህ ከርዳዳ ጠጉር ርሶ ሲሳብ ጥቅሉ ላላ ብሎ ይዘረጋል፤ ረዝሞም ይታያል። ሲደርቅ ተመልሶ ይጠቀለላል። በጣም የተጠቀለለ ጠጉር ሲሰበሰብ ከተዘረጋበት ርዝመት ግማሹን እንኳ ላያክል ይችላል። ደግሞም የአንድ ሰው ጠጉር ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም። የመሐል አናቱ ከግንባሩ ይበልጥ ሊጠቀለል ይችላል። እንግዲህ ርሶ ሳለ እኩል የተቆረጠው ሲደርቅ እኩል ሆኖ አይገኝም። ይህን ለማየት የፈለገ አንድ የራስ ጠጉር ነቅሎ በሁለት ጣቱ ይወጥረው፤ ከዚያ ይልቀቀው።

ስለዚህ ከርዳዳ የሆነ ወይም ጎፈሬ ያሳደገ ሰው በደረቁ ቢቆረጥ ይሻለዋል። ቆራጩ እውነተኛውን ርዝመት እያየ ይቆርጣል። ማበጠር ግን ሌላ ነው። ከርዳዳ ጠጉር ደርቆ ሲበጠር ይበጣጠሳል። ስለዚህ ታጥቦ እርጥብ እንዳለ በሰፊ ሚዶ ይፍታታ፤ ከደረቀ በኋላ ይቆረጥ። ቅቤ የተቀባ ራስም መጀመሪያ ይታጠብ፤ ቅባቱ መቀሱን ይይዘዋል።

ሉጫ ጠጉር ያለው ደግሞ በውሃ ቢቆረጥ ይመቸዋል። ሲርስ ተስተካክሎ ይተኛል፣ ከመቀሱ አይሸሽም። ሲደርቅም ብዙ አያጥርም። ነገር ግን እርጥብ ሉጫ ጠጉር በኃይል ሲጎተት ይሰበራልና በቀስታ ይበጠር። በአንድ ቤት ውስጥ እንኳ ታላቁ ከርዳዳ፣ ታናሹ ሉጫ ሊሆን ይችላል። አስተካካዩ የሚቸኩል ከሆነ «ወንድም፣ የእኔን በደረቁ ቁረጥልኝ» ማለት ነውር አይደለም፤ ገንዘቡ የእኛ ነው። በቶንዶዝ ከሆነ ግን የማንኛውም ሰው ጠጉር ደረቅ ይሁን። እርጥብ ጠጉር በጥርሱ መሐል ይጣበቃል።

መላጨት ሲሆን ነገሩ ይገለበጣል። በምላጭ የሚላጭ ራስ፣ ከርዳዳም ሆነ ሉጫ፣ ያለ ውሃ አይነካም። ለብ ባለ ውሃና በሳሙና ታጥቦ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። በደረቁ የተላጨ ቆዳ ይላጣል፣ ይደማል። ከርዳዳ ጠጉር ወደ በቀለበት አቅጣጫ ይላጭ። ወደ ኋላ እየተገፋ ከሥሩ ሲላጭ ጫፉ ታጥፎ ወደ ቆዳ ይገባና ያሳብጣል።

እዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር አለ። ሕፃናትን በተርታ አስቀምጦ፣ ቁንጮ እያስቀሩ፣ ሁሉንም በአንድ ምላጭ መላጨት በየመንደሩ የኖረ ልማድ ነው። ዓይን የማያየው ደም ከአንዱ ራስ ወደ ሌላው ይሻገራል። የጉበት በሽታና ኤች አይ ቪ በዚህ መንገድ ሊተላለፉ ይችላሉ። ቆረቆርም እንዲሁ ከራስ ወደ ራስ ይዛመታል። ምላጩን በውሃ አለቅልቆ ማቀበል አያድንም። ለእያንዳንዱ ልጅ አዲስ ምላጭ ያስፈልጋል። ያገለገለውም ልጅና ከብት በማይደርሱበት ጥልቅ ጉድጓድ ይጣል።

ያ ሚዜ የነበረው ባልንጀራችን አሁንም ደሴ ይቆረጣል። ቤቱ ታጥቦና አበጥሮ፣ ፀሐይ ሞቆ፣ ራሱን አድርቆ ይሄዳል። አስተካካዩ ማጅራቱን የሚያስተካክልበትን አዲስ ምላጭ፣ ከነወረቀቱ፣ በኪሱ ይዞ ይገባል።