ሳይደርቅ በእርጥቡ፦ የሚቀጥለውን የኮምፒውተር ኮንትራት ስለ ማግኘት

(በጁባና በአካባቢዋ ለሚኖሩ፣ በኮምፒውተር ሙያ ለሚተዳደሩ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች የተደረገ ንግግር)





እንድናገርበት የተሰጠኝ ርእስ “የሚቀጥለው ኮንትራት ከየት ይመጣል?” የሚል ነው። እዚህ ካለነው መካከል ቋሚ የወር ደመወዝ ያለው ጥቂት ነው። አብዛኞቻችን ለአንድ መሥሪያ ቤት ሦስት ወር ኔትዎርክ እንዘረጋለን፣ ለሌላው ሁለት ሳምንት የሒሳብ ፕሮግራም እንጭናለን፣ ከዚያ ውሉ ያልቃል። የቤት ኪራዩና የልጆች ትምህርት ቤት ክፍያ ግን ከውሉ ጋር አብሮ አያልቅም።

ዛሬ ላስጨብጣችሁ የምፈልገው ዋና ነገር አንድ ነው። የሚቀጥለው ኮንትራት ዘሩ ያለው አሁን በእጃችን ባለው ሥራ ውስጥ ነው። ሥራው ካለቀ በኋላ በየቢሮው በር ላይ ቆሞ መጠበቅ እጅግ የዘገየ ነገር ነው። አባቶቻችን “ሳይደርቅ በእርጥቡ፣ ሳይርቅ በቅርቡ” ይላሉ። ይህ አባባል ለኛም ሙያ የተነገረ ይመስላል።

በመጀመሪያ የምንሠራበትን ገበያ እንመልከት። እንደሚታወቀው እ.ኤ.አ. በ2005 የሰላም ስምምነቱ ከተፈረመ በኋላ፣ በተለይም በጁላይ 2011 ነፃነት ከታወጀ በኋላ፣ የርዳታ ድርጅቶችና ነጋዴዎች ወደ ጁባ ጎርፈዋል። ወገኖቻችንም ሆቴል ከፍተዋል፣ ውሃ በቦቴ አመላልሰዋል፣ ሱቅ ከፍተዋል። ይሁን እንጂ በዲሴምበር 2013 ጦርነት ፈነዳ። በጁላይ 2016 ደግሞ ጁባ ውስጥ እንደገና ውጊያ ሆነ። በሁለቱም ጊዜ ብዙ መሥሪያ ቤቶች ሠራተኞቻቸውን በአውሮፕላን አሸሽተዋል። በ2025 መጀመሪያ ላይ የአሜሪካ መንግሥት የውጭ ርዳታውን ባገደ ጊዜም ያለ ተኩስ ብዙ ፕሮጀክት ተዘግቷል። ዩኤስኤይድ ራሱ በዚያው ዓመት በጁላይ ሥራውን አቁሟል። ከዚህ የምንማረው፣ እንጀራውን በአንድ ድርጅት ላይ ብቻ የጣለ ባለሙያ ድርጅቱ በተነሣ ቀን አብሮ እንደሚወድቅ ነው።

እንግዲህ ምን እናድርግ? በቅደም ተከተል ልናገር።

አንደኛ፣ ርክክብ። አንዳንድ ባለሙያዎች የይለፍ ቃሉን በልባቸው ይዘው ይሄዳሉ። “እኔን ካልጠሩ አይሠራላቸውም” ብለው ነው። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። መሥሪያ ቤቱ አንድ ቀን ይቸገርና ሌላ ሰው ጠርቶ ሁሉንም ነገር ከሥሩ ያስተካክላል፣ የዚያ ባለሙያ ስምም በክፉ ይነሣል። በጥሩ ሁኔታ ያስረከበ ሰው ግን የሚተው ወረቀት አለው። በወረቀቱ ላይ የኔትዎርኩ ሥዕል፣ የእያንዳንዱ መሣሪያ ስምና የተገዛበት ቀን፣ የመጠባበቂያ ቅጂው የሚቀመጥበት ቦታ፣ የይለፍ ቃሎቹም በታሸገ ፖስታ ለኃላፊው መሰጠታቸው ይጻፋል። በመጨረሻም “በስድስት ወር ውስጥ መታየት ያለባቸው ነገሮች” የሚል አንድ ገጽ ይጨመርበታል። የሶላሩ ባትሪ እየደከመ ከሆነ፣ የጸረ ቫይረሱ ፈቃድ የሚያልቅበት ቀን ከደረሰ፣ እዚያ ላይ ይሰፍራል። ይህች የመጨረሻዋ ገጽ የሚቀጥለው ኮንትራት ጥያቄ ናት። በልመና መልክ አትቀርብም፣ መሥሪያ ቤቱም በደስታ ይቀበላታል።

ሁለተኛ፣ ስማችሁን የሚያውቅ ሰው ቁጥር። በጁባ የውጭ አገር ሠራተኛ ብዙ አይቆይም። ዛሬ ውል የፈረመላችሁ ኃላፊ ከዓመት በኋላ ሌላ አገር ሊሆን ይችላል። ስለዚህ በአንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ ቢያንስ ሦስት ሰው ሥራችሁን ሊያውቅ ይገባል፤ ኃላፊው፣ የግዥ ክፍሉ ሠራተኛና የአገሩ ተወላጅ የሆነው የአስተዳደር ሠራተኛ። ይህ የመጨረሻው ከሁሉ ይበልጣል፤ የሚቆየው እርሱ ነውና። ኃላፊው ሳይሄድም የሥራ ማጠናቀቂያ ማስረጃ በማኅተም ተቀበሉ። ከሄደ በኋላ ማስረጃ መጠየቅ ድካም ነው።

ሦስተኛ፣ የበጀት ጊዜ። ገንዘብ የሚለቀቅበትና የሚያልቅበት ወቅት አለው። የደቡብ ሱዳን መንግሥትና የሰላም አስከባሪው ተልእኮ የኡንሚስ የበጀት ዓመት ከጁላይ ይጀምራል። የብዙ ድርጅቶች ዓመት ግን ከጃንዋሪ እስከ ዲሴምበር ነው። በጀታቸው ሳይዘጋ ያልተሠራበት ገንዘብ ያላቸው መሥሪያ ቤቶች በመጨረሻዎቹ ሁለትና ሦስት ወራት አነስተኛ ግዥ ይፈጽማሉ። ስለዚህ ፕሮፎርማችሁ በኦክቶበር ጠረጴዛቸው ላይ ይገኝ። ብዙዎቹ ለአነስተኛ ግዥ ሦስት ፕሮፎርማ ያሰባስባሉ። ከሦስቱ አንዱ ለመሆን ደግሞ አስቀድሞ መታወቅን ይጠይቃል። የመንግሥታዊ ያልሆኑ ድርጅቶች ፎረም የሚያወጣቸውን የጨረታና የሥራ ማስታወቂያዎች በየሳምንቱ መመልከት ልማድ ይሁን።

አራተኛ፣ ሌሎች ደንበኞች። ርዳታ ድርጅት ሲቀንስ ከተማው ባዶ አይሆንም። ሆቴሉ፣ ክሊኒኩ፣ ትምህርት ቤቱ፣ በኮኞ ኮኞ ገበያ የጅምላ መጋዘን ያለው ነጋዴ ሁሉ ሒሳብና ካሜራ ይፈልጋል። ክፍያቸው ያነሰ ነው፤ ነገር ግን በየወሩ የሚከፈል የጥገና ውል ከተስማማችሁ አምስት ትንንሽ ደንበኞች የቤት ኪራይ ይሸፍናሉ። ሙያውም ይለወጣል። ለረጅም ጊዜ የጁባ ኢንተርኔት በአብዛኛው በሳተላይት ዲሽ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 የፋይበር መስመር ከኡጋንዳ በኩል ሲገባ፣ ፋይበር መቀጠልን አስቀድሞ የተማረ ሰው ሥራው ራሱ ፈልጎት መጣ። ሥራ በሌለበት ወር አዲስ ነገር ተማሩ።

አምስተኛ፣ ዋጋና ውል። በዓመት ስምንት ወር ብቻ ሥራ የምታገኙ ከሆነ፣ ስምንቱ ወር አሥራ ሁለቱን መመገብ አለበት። ለምሳሌ ያህል ቤተሰባችሁ በወር 600 ዶላር ቢያስፈልገው፣ በዓመት 7,200 ይሆናል። ለስምንት ሲካፈል 900 ነው። ከዚህ በታች የተስማማ ሰው በሥራ ላይ እያለ ይበደራል ማለት ነው። የገንዘቡ ዓይነትም በውሉ ላይ ይጻፍ። በዲሴምበር 2015 የደቡብ ሱዳን ፓውንድ በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ሲለቀቅ፣ አንድ ዶላር በመንግሥት ምንዛሪ ከ2.96 ወደ 18.5 ገደማ ዘለለ። በፊት 2,000 ዶላር ያህል ያወጣ የነበረ የ6,000 ፓውንድ ውል በአንድ ጊዜ ወደ 324 ዶላር ወረደ። በዶላር የማይከፍል ደንበኛ ቢሆን እንኳ “በክፍያው ቀን ምንዛሪ” የሚል ሐረግ አስገቡ፤ ለዕቃ መግዣም ቅድሚያ ክፍያ ጠይቁ።

ስድስተኛ፣ ሕግና ጥንቃቄ። ደቡብ ሱዳን የስደተኞች ሕግ ያወጣችው በ2012 ነው። በ2018 ደግሞ የ1951ዱን ዓለም አቀፍ የስደተኞች ስምምነት ተቀብላለች። የስምምነቱ አንቀጽ 18 በአገሩ በሕጋዊ መንገድ የሚኖር ስደተኛ በራሱ ሥራ ለመተዳደር ከሌላ የውጭ አገር ሰው ያነሰ መብት እንዳይሰጠው ያዛል። ይህን በማወቅ ብቻ ፈቃድ በእጅ አይገባም። የመታወቂያ ወረቀታችሁን አሳድሱ፣ ስለ ሥራና ንግድ ፈቃድም ለደላላ ከመክፈላችሁ በፊት የስደተኞች ጉዳይ ኮሚሽንን ጠይቁ። ወረቀቱ የተሟላ ሰው ውል በተገኘ ቀን ይፈርማል፤ ያልተሟላው ግን ሥራው ለሌላ ይሄድበታል። ሌላም ልብ በሉ፤ የተባበሩት መንግሥታት ድርጅቶች ለመቀጠር ገንዘብ አያስከፍሉም። በአቅራቢነት መመዝገቢያቸውም በነፃ ነው። “ክፈልና ኮንትራቱን አስፈርምልሃለሁ” የሚል ሰው ሌባ ነው።

እኅቶቼና ወንድሞቼ፣ በመጨረሻ ስለ መካከላችን አንድ ቃል ልጨምር። አንዳችን ሥራ ሲበዛበት ለሌላው ማካፈልን እንደ ኪሳራ የሚቆጥር አለ። ይሁን እንጂ ኬብል የሚዘረጋው፣ ሶላር የሚገጥመውና የሒሳብ ፕሮግራም የሚያውቀው ሦስቱ አንድ ላይ ፕሮፎርማ ሲያቀርቡ፣ ለብቻቸው የማይደርሱበትን ሥራ ያገኛሉ። “ድር ቢያብር አንበሳ ያስር” የተባለው ለዚህ ነው። ድርሻችሁን ግን ከሥራው በፊት በጽሑፍ ተስማሙ። ብዙ ጓደኝነት የፈረሰው ከሥራው በኋላ በተደረገ የገንዘብ ክፍፍል ነው።

ነገ ጠዋት በእጁ ውል ያለው ሰው የርክክቡን ወረቀት ይጀምር፤ ውሉ ሊያልቅ ሦስት ወር ቢቀረውም አይዘግይ። ውል የሌለው ደግሞ ከዚህ በፊት የሠራላቸውን ሦስት ቦታዎች ይጎብኝ፣ የተከለው ነገር እንዴት እንደሚሠራ በነፃ አይቶ ይምጣ። ከቤት ተቀምጦ ስልክ ከመጠበቅ ይህ ይሻላል።