ተቀምጠን የሰረዝነው ወንበር
(በማኅበራችን ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር)



እኛ የሂሳብ ክፍል ሠራተኞች ዘወትር እዚህ የምንቆመው ገቢና ወጪ ለማሰማት ነው። ዛሬም የያዝነው ሂሳብ ነው፤ ግን የገንዘብ ሳይሆን የጉልበት ነው።

ባለፈው ዓመት እንጀራ የሚጋግሩ እህቶቻችን አንድ ጥያቄ አቅርበው ነበር። ምጣዱ ከፍ ያለ ጠረጴዛ ላይ ስለተቀመጠ ከጠዋት እስከ ማታ የሚሠሩት ቆመው ነው። ሊጡን አዙረው አክንባሎውን ከደፉ በኋላ፣ እንጀራው እስኪበስል አረፍ የሚሉባቸው 6 ረጃጅም ወንበሮች እንዲገዙላቸው ጠየቁ። እኛም በጀቱን ስናዘጋጅ ሰረዝነው። «መቀመጥ ያወፍራል፤ መቆም ለጤና ይበጃል» አልን። ይህን የወሰንነው ወንበር ላይ ተቀምጠን እንደነበር ያስተዋልነው ዘግይተን ነው።

እስቲ ሂሳቡን እንሥራው። እ.ኤ.አ. በ2018 የአሜሪካው ማዮ ክሊኒክ ተመራማሪዎች 1,184 ሰዎች የተሳተፉባቸውን 46 ጥናቶች አሰባስበው መርምረዋል። የቆመ ሰው ከተቀመጠ ሰው አብልጦ የሚያወጣው ጉልበት በደቂቃ 0.15 ኪሎ ካሎሪ ብቻ ሆኖ ተገኘ። በሰዓት 9 መሆኑ ነው። 65 ኪሎ የሚመዝን ሰው በቀን ለ6 ሰዓታት ከመቀመጥ ይልቅ ቢቆም ብልጫው 54 ኪሎ ካሎሪ ነው። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር ወደ 16 ኪሎ ካሎሪ ይሰጣል። ስለዚህ የ6 ሰዓት መቆም፣ ቡናችን ላይ የምንጨምረውን ሦስት ማንኪያ ተኩል ስኳር እንኳ በቅጡ አያቃጥልም።

ለምን ይህን ያህል አነሰ? ቀጥ ብለን ስንቆም ክብደታችንን በአብዛኛው የሚሸከመው አጥንታችን ነው፤ ጡንቻችን የሚሠራው ሚዛን ለመጠበቅ ያህል ነው። መራመድ ግን ሌላ ነው፤ ፈጠን ያለ እርምጃ ከመቀመጥ ከእጥፍ በላይ ጉልበት ይወስዳል።

ታዲያ መቆም ርካሽ ከሆነ እህቶቻችን ማታ ለምን እግራቸውን ይዘው ይቀመጣሉ? ድካሙ በካሎሪ አይመዘገብማ! ሳንንቀሳቀስ ስንቆም ደምን ወደ ላይ የሚገፋው የባት ጡንቻ ሥራ ይፈታል፤ ደም እግር ላይ ይጠራቀማል። እግር ያብጣል፣ ደም ሥር ይገተራል፣ ወገብ ይታመማል። ከዚያም በኋላ ቃሊቲ መናኸሪያ የታክሲ ሰልፍ አለ፤ ቤት ሲደርሱም ማጀት ይጠብቃቸዋል። እኛ የአቃቂ ልጆች ይህንን ማወቅ ነበረብን። የብዙዎቻችን እናቶች በፋብሪካ ፈትልና ሽመና ክፍል ቆመው ነው ያሳደጉን።

የእኛ መቀመጥም ዕዳ አለበት። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ አዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ እንዲያደርጉ፣ የሚቀመጡበትንም ጊዜ እንዲቀንሱ ይመክራል።

የወንበር ጥያቄ አዲስ አይደለም። እንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1899 ባወጣችው ሕግ ለ3 ሴት የሱቅ ሠራተኞች ቢያንስ 1 መቀመጫ እንዲኖር አስገድዳለች። የህንዷ ኬረላ ግዛትም እ.ኤ.አ. በ2018 የሱቅ ሠራተኞች በሥራ መሐል የመቀመጥ መብት እንዲኖራቸው ሕጓን አሻሽላለች።

ስለዚህ ሁለት ነገር ይዘን መጥተናል። አንደኛ፣ 6ቱ ወንበሮች በዘንድሮው በጀት ተመልሰው ገብተዋል፤ እንድታጸድቁልን እንጠይቃለን። ደጋፊዎቻችንም ይህችን መስመር ስታዩ የቅንጦት ወጪ አድርጋችሁ እንዳትቆጥሩብን። ሁለተኛ፣ ከእንግዲህ ደረሰኝ ለማስፈረም ጋጋሪዎቻችንን ወደ ቢሮ አንጠራም፤ እኛው ተነስተን ወደ ምጣዱ እንሄዳለን። እነሱ ይረፉ፤ እኛ እንራመድ።

«ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ለማውረድ ይቸግራል» ይባላል። እኛም ቁጭ ብለን የሰረዝነውን ቆመን ለመመለስ ዓመት ፈጅቶብናል። ጋጋሪ እህቶቻችን፣ ይቅርታ አድርጉልን።