የሕፃናትን የጉልበት ብዝበዛ መታገልና የሕይወት ዓላማ



የዛሬው ገለጻዬ የተነሣው ተማሪዎች ደጋግመው ከሚያቀርቡልኝ ጥያቄ ነው። «ይህን ያህል ዘመን በአንድ ጉዳይ ላይ ለመጽናት የሚያስችል ዓላማ ከየት ይገኛል?» ይሉኛል። እኔ ዓላማዬን ያገኘሁት ከሠራሁት ስሕተት ስለሆነ፣ መልሴን ከዚያው እጀምራለሁ።

የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ ሳለሁ ጥናቴን ያካሄድኩት በአዲስ አበባ፣ በሽሮ ሜዳና በአካባቢው ባሉ የሽመና ቤቶች ነበር። በዚያ ከሚሠሩት ሸማኔዎች ብዙዎቹ ከአርባ ምንጭ በላይ ካለው የጋሞ ደጋ፣ ከጨንቻና ከዶርዜ አካባቢ የመጡ ናቸው። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ እግሩን ወደ ሽመናው ጉድጓድ አስገብቶ መወርወሪያውን የሚያመላልስ ልጅ አገኘሁ። ዕድሜውን ስጠይቀው አስቀድሞ ወደ ሸማኔው ተመለከተ። ሸማኔውም «የወንድሜ ልጅ ነው፤ ሙያ እየተማረ ነው» አለኝ። በኋላ ልጁን ብቻውን ሳገኘው ያመጣው ደላላ መሆኑን፣ ከተማ ገብቶ እንደሚማር ለአባቱ ቃል መገባቱን፣ ከመጣ ወዲህ ግን ደብተር በእጁ እንዳልገባ ነገረኝ።

ጉዳዩን ለሚመለከተው መሥሪያ ቤት አመለከትኩ። ልጁም ወደ ወላጆቹ ተላከ። እኔም በጥናቴ ውስጥ «የተሳካ ጣልቃ ገብነት» ብዬ ጻፍኩት፤ ጥናቱም ተመሰገነ። በዓመቱ ወደዚያው ሰፈር ስመለስ ልጁን በሌላ ቤት፣ በሌላ ጉድጓድ ውስጥ አገኘሁት። ለምን እንደተመለሰ ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ የመለሳችሁኝ ወደ ቤት እንጂ ወደ ትምህርት ቤት አይደለም እኮ» አለኝ።

ይህ መልስ ጥያቄዬን ለወጠው። እስከዚያ ቀን ድረስ እጠይቅ የነበረው «ጥፋተኛው ማን ነው?» ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ልጁን መልሶ ያመጣው ምንድን ነው?» ማለት ጀመርኩ። በደጋው አባት ለልጆቹ የሚያካፍለው መሬት በየትውልዱ እየጠበበ ይሄዳል። በከተማ ደግሞ ሸማኔው የሚኖረው ሠርቶ በሚያስረክበው ልብስ ልክ ነው፤ ዋጋውን የሚቆርጠው ግን ነጋዴው ነው። በዚህ መካከል ወጪው ሊቀነስለት የሚችለው በልጁ ድካም ነው። የጥምቀትና የፋሲካ በዓል ሲቃረብ ገበያው ይደራል፤ ሥራውም እስከ ሌሊት ይዘልቃል። እኔም በበዓል ቀን ነጭ ልብስ ለብሼ ስወጣ፣ ጥለቱን የማን እጅ እንደሠራው ጠይቄ አላውቅም ነበር። አጠናዋለሁ ባልኩት ነገር ውስጥ ራሴ ነበርኩበት።

ይህን ስል ሽመናን ለመኮነን አይደለም። ከትምህርት ሰዓት ውጭ ከአባቱ ጎን ተቀምጦ ሙያውን የሚቀስም ልጅ ቅርስ ይወርሳል። ከወላጆቹ ተለይቶ፣ ከትምህርት ርቆ፣ ለሌላ ሰው ገቢ ሌት ተቀን የሚሠራ ልጅ ግን ልጅነቱን ይነጠቃል። ሁለቱን የማይለይ ተመራማሪ ሸማኔዎቹን ሁሉ ያስቀይማል፤ ልጆቹንም አይረዳም።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። ኢትዮጵያ የዓለም አቀፉን የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 138ን እ.ኤ.አ. በ1999፣ ቁጥር 182ን ደግሞ በ2003 አጽድቃለች። አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ ከ14 ወደ 15 ዓመት ከፍ አድርጓል። ነገር ግን አዋጁ የሚገዛው በአሠሪና በሠራተኛ መካከል ያለውን ግንኙነት ነው። «የወንድሜ ልጅ ነው» በሚል ቃል የተሸፈነ ልጅ በዚህ መዝገብ ላይ አይገኝም።

ከእኛ ሙያ አንድ ሰው ላንሣ። ሉዊስ ሃይን በኒው ዮርክ መምህር ነበር። እ.ኤ.አ. በ1908 ማስተማሩን ትቶ በአሜሪካ ፋብሪካዎችና የከሰል ማዕድን ማውጫዎች የሚሠሩ ሕፃናትን ፎቶግራፍ ማንሣት ጀመረ። ቁመታቸውን በኮቱ ቁልፎች እየለካ፣ ዕድሜያቸውን ኪሱ ውስጥ በደበቀው ወረቀት ላይ ይመዘግብ ነበር። በ1916 የወጣው የመጀመሪያው የፌዴራል ሕግ በሁለት ዓመት ውስጥ በፍርድ ቤት ተሻረ፤ የጸናው ሕግ የወጣው በ1938 ነው። ከመጀመሪያው ፎቶግራፍ እስከዚያ ሕግ ድረስ 30 ዓመት አልፏል። ቁጣ ብቻውን ይህን ያህል ዘመን አይዘልቅም። ያጸናው በትዕግሥት መመዝገቡ ይመስለኛል።

የዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅትና የዩኒሴፍ ግምት እንደሚያሳየው፣ በብዝበዛ ሥራ ላይ ያሉ ሕፃናት ቁጥር እ.ኤ.አ. በ2020 ከነበረበት 160 ሚሊዮን በ2024 ወደ 138 ሚሊዮን ወርዷል። ቅነሳው እውነተኛ ነው። ሆኖም በ2025 ብዝበዛውን ፈጽሞ ለማጥፋት የተያዘው ግብ አልተደረሰበትም።

ውድ ተማሪዎች፤ ዓላማን ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁት። አንድን ጉዳይ ያዙ፤ የሠራችሁትንም ተመልሳችሁ እዩ። እኔ የማማክራቸው ተማሪዎች ካጠኑት ሰፈር ቢያንስ አንድ ጊዜ እንዲመለሱ የምጠይቀው በዚሁ ምክንያት ነው። ያን ልጅ ከሁለተኛው ቀን በኋላ አላገኘሁትም። ዕዳው ግን አሁንም አለብኝ፤ ዓላማ የምለውም ይህንኑ ዕዳ ነው።