ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ እና የተራው ሰው ፊልም
(በማኅበራችን የኢዮቤልዩ በዓል ላይ፣ ካርቲየ 3፣ ጅቡቲ ከተማ የተደረገ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ አንድ የፊልም ሰው እንድንናገር የበዓሉ ኮሚቴ ዕድሉን ስለሰጠን እናመሰግናለን። በየቤታችን ማታ ማታ የሚታየው የህንድ ወይም የአሜሪካ ፊልም ነው። ልጆቻችን እንደ እናታቸው ሰው ቤት ሠርታ የምታድር፣ እንደ አባታቸው ወደብ ላይ ጭነት የሚያወርድ ሰው በፊልም ሲያዩ እምብዛም አይገጥማቸውም።

ጣሊያኖች ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ጀምሮ ካሜራቸውን ወደ ድሃው ሰፈር አወጡ፤ ስልቱም ኒዮሪያሊዝም ተባለ። ቪቶሪዮ ዴ ሲካ እ.ኤ.አ. በ1948 «የብስክሌት ሌቦች»ን ሲሠራ ዋናውን ሚና የሰጠው ለፋብሪካ ሠራተኛ ነበር። ከእኛ ወገን ለዚህ መንገድ የሚቀርቡት ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ ናቸው።

ጎንደር እ.ኤ.አ. በ1946 ተወልደው በ1967 ወደ አሜሪካ ሄዱ። በሎስ አንጀለስ የፊልም ተማሪ ሳሉ፣ በ1974 የአብዮቱ ዓመት አገር ቤት ተመልሰው «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጹ። ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው፤ የሚታዩትም በሙያው ያልሠለጠኑ ሰዎች ናቸው። ባለርስቱ ወንበሩ ላይ ተቀምጦ ያዛል፤ ጭሰኛው ቤተሰብ ያርሳል። መሬቱን የተነጠቀው ከበበ ግን እብድ እየተባለ እውነቱን ይናገራል። ፊልሙ ዝግ ይላል፤ ትዕግሥት ይጠይቃል። እርሻም እንደዚያው ነው። የሚገርመው፣ ይህ ፊልም በ2006 የታደሰው እዚያው ጣሊያን፣ ቦሎኛ ውስጥ ነው።

ስለ ባርነት የሚናገረውን «ሳንኮፋ»ን በ1993 ሲጨርሱ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልተቀበሏቸውም። እሳቸው ግን ሲኒማ ቤት እየተከራዩ ራሳቸው አሳዩ፤ አዳራሹን የሞላው ጥቁሩ ማኅበረሰብ ነው። እንደ እኛ በመዋጮ ለሚኖር ማኅበር ይህ ቀላል ትምህርት አይደለም።

«ጤዛ» በ2008 በቬኒስ ልዩ የዳኞች ሽልማት፣ በ2009 ደግሞ በዋጋዱጉ ፌስፓኮ ታላቁን ሽልማት አገኘ። ታሪኩ ጀርመን ተምሮ እግሩን አጥቶ ወደ እናቱ መንደር ስለሚመለስ ስለ አንበርብር ነው። ስደተኛ ሲመለስ ምን ይጠብቀዋል የሚለውን ጥያቄ እዚህ ያልጠየቀ ማን አለ?

ስለዚህ ማኅበራችን «ጤዛ»ን በአዳራሽ እንዲያሳይ እንጠይቃለን። ከባድ ትዕይንት ስላለበት ትንንሾቹ ቤት ይቆዩ። ከዚያ በኋላ ስልክ ያላቸው ወጣቶቻችን በአሮጌው ባቡር ወደዚህ የመጡ አባቶችንና እናቶችን እየጠየቁ ይቅረጹ። ፈቃደኛ የሆናችሁ ዛሬውኑ ለጸሐፊያችን ተመዝገቡ።