የተጨናነቀ የዓሣ ኩሬና የመሐንዲሱ ድርሻ

(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



የዓሣ ነገር ለመሐንዲሶች ስብሰባ እንግዳ መስሎ እንደሚታይ ዐውቃለሁ። ዳሩ ግን በግል ይዞታ ላይ የሚቆፈረው ኩሬ ንድፉ የሚወጣው፣ አፈሩም የሚጠቀጠቀው በእኛ እጅ ነው። ጥቂት የማይባሉ ባለኩሬዎች በመጀመሪያው ዓመት ተደስተው፣ በሁለተኛው ግራ ተጋብተው፣ በሦስተኛው ኩሬውን ለእንቁራሪት ለቀው ይሄዳሉ። ለዚህ የሚያበቃቸውም አዘውትሮ የዓሣ ማነስ ሳይሆን የዓሣ መብዛት ነው። እኔ ዛሬ ላስረዳ የምፈልገው የዚህ መብዛት መድኃኒት ግማሹ ከንድፍ ሠሌዳችን ላይ የሚገኝ መሆኑን ነው።

በአገራችን ኩሬዎች ዋናው ዓሣ ቆሮሶ ነው። ጠንካራ ፍጡር ነው፤ ሥጋው ይጣፍጣል፤ በውኃው ውስጥ የሚበቅለውን ዋቅላሚ እየበላ ያድጋል። ችግሩ የመራባት ችሎታው ነው። ውኃው ሞቅ በሚልበት ሥፍራ በሦስትና በአራት ወሩ፣ ገና ለገበያ ሳይደርስ፣ ለመራባት ይደርሳል። እናቲቱ ዕንቁላሏን በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች፤ ጫጩቶቹም አደጋ ሲመጣባቸው ተመልሰው በአፏ ውስጥ ይሸሸጋሉ። ስለዚህ የምትጥለው ዕንቁላል ጥቂት መቶ ብቻ ቢሆንም የሚተርፈው ብዙ ነው፤ ሙቀቱ ከተመቻትም ከአንድ ወር እስከ ወር ተኩል ባለው ጊዜ ውስጥ ትደግማለች።

ሒሳቡን በምሳሌ እንየው። 20 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ኩሬ 200 ካሬ ሜትር ነው። በያንዳንዱ ካሬ ሜትር ሁለት ጫጩት ቢገባ 400 ይሆናል። ኩሬው በማዳበሪያና በጥቂት መኖ ታግዞ ሊሸከም የሚችለው ጠቅላላ የዓሣ ክብደት 60 ኪሎ ግራም ነው ብለን እንነሣ። ድርሻው ለ400 ሲከፈል ለያንዳንዱ 150 ግራም ይደርሰዋል፤ ይህ ከድስት የሚገባ ዓሣ ነው። ከ400ው ግማሹ ሴት ቢሆንና ያንዳንዷ ሴት ጫጩቶች በአንድ ዙር ሃያ ብቻ ቢተርፉ፣ የኩሬው ነዋሪ 4,400 ይሆናል። ያው 60 ኪሎ ለነዚህ ሲከፋፈል ለያንዳንዱ የሚደርሰው ከ14 ግራም ያነሰ ነው። ክብደቱ አልጠፋም፤ ተበትኖ ዋጋ አጣ እንጂ።

ባለቤቱ ይህን ሲያይ የሚወስደው የመጀመሪያ እርምጃ መኖ መጨመር ነው። ይህም ነገሩን ያከፋዋል። የተረፈው መኖ በኩሬው ወለል ላይ ይበሰብሳል፤ ብስባሹም በውኃው ውስጥ የሟሟውን ኦክሲጅን ይሻማል። ዋቅላሚውም ቢሆን ቀን ኦክሲጅን ይሰጣል፣ ሌሊት ግን መልሶ ይወስዳል። ንጋት ላይ ዓሦቹ ወደ ላይ ወጥተው አፋቸውን ሲከፍቱ የሚታዩት በዚህ ነው። በዚህ ረገድ የከፍታችን ነገር ሊዘነጋ አይገባም። በ25 ዲግሪ ሙቀት ያለ ውኃ በባሕር ወለል ደረጃ በሊትር 8.3 ሚሊ ግራም ያህል ኦክሲጅን ሊይዝ ሲችል፣ በሐዋሳ ከፍታ፣ ይኸውም 1,700 ሜትር አካባቢ፣ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ የሚይዘው 6.8 ያህል ብቻ ነው። ከባሕር ጠረፍ አገር መጽሐፍ የተቀዳ የዓሣ ብዛት በእኛ ኩሬ እንዳለ ሊሠራ የማይችልበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

ሁለተኛው ስሕተት ከደግነት የሚመነጭ ነው። ባለቤቱ ሰፊ ዐይን ባለው መረብ ያጠምድና ትላልቁን ወስዶ ትንንሹን «ይደግ» ብሎ ይመልሰዋል። ነገር ግን በተጨናነቀ ኩሬ ውስጥ ትንሽ ዓሣ ሁሉ ልጅ አይደለም፤ ብዙው ዕድሜው የገፋ፣ ቁመቱ የቀረ፣ እየወለደም ያለ ነው። መውጣት የሚገባው ይኸው ትንሹ ነው። ጠባብ ዐይን ባለው መረብ እየተጠረገ ቢደርቅ ለዶሮ መኖ ይሆናል፤ ሙሉውን ጠብሶ የሚበላውም አይጠፋም። ወደ ቅርቡ ወንዝ ማፍሰስ ግን ችግሩን ለወንዙ ማውረስ ነው።

የዓሣ ባለሙያዎች ሌሎች ዘዴዎችም አሏቸው። አንደኛው ወንዱን ከሴቷ ለይቶ ወንዱን ብቻ ማርባት ነው፤ ወንዱ ፈጥኖ ያድጋልና። በእጅ መለየት የሠለጠነ ዐይን ይጠይቃል፤ ጥቂት ሴቶች ካመለጡም ድካሙ ከንቱ ይሆናል። በሆርሞን ወንድ ማድረግ የማራቢያ ጣቢያ እንጂ የባለኩሬ ሥራ አይደለም። ከሁሉ ለገበሬው የሚቀርበው አምባዛን ጨምሮ ጫጩቱን ማስበላት ነው፤ ለአሥር ቆሮሶ አንድ አምባዛ ጥሩ መነሻ ነው። አምባዛው ሲገባ ከቆሮሶው ማነስ አለበት፤ አለዚያ ዋናውን ሀብት ይበላል። በዝናም ሌሊት በእርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ ከኩሬ የሚወጣ ፍጡር መሆኑንም የግድቡን ጠርዝ ስናወጣ ማሰብ ይበጃል።

እነዚህ ሁሉ ግን ጊዜ ይገዛሉ እንጂ ኩሬውን አያጠሩትም። የሚያጠራው በየዓመቱ ውኃውን ጨርሶ ማፍሰስ፣ ዓሣውን ሁሉ ማውጣት፣ ወለሉን እስኪሰነጠቅ ማድረቅና በተመረጡ ጫጩቶች እንደገና መጀመር ነው። በጉድጓድ ውስጥ የቀረች ትንሽ ዕቋሪ ውኃ እንኳን የሚቀጥለውን ዓመት መጨናነቅ አርግዛ ትቀመጣለች፤ እንዲህ ባለው ሥፍራ ኖራ ይነስነስበታል።

እንግዲህ የእኛ ድርሻ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቹ ኩሬዎች በሜዳ ላይ ወደ ታች የተቆፈሩ፣ መውጫ የሌላቸው፣ ለመስኖ ውኃ ማቆሪያ ታስበው ኋላ ዓሣ የገባባቸው ናቸው። እነዚህን ያለ ፓምፕ ማድረቅ አይቻልም፤ ፓምፕ ደግሞ ነዳጅ ይጠይቃል፤ ስለዚህ ሳይደርቁ ይከርማሉ። በእኔ አስተያየት በስበት ኀይል የማይፈስ የዓሣ ኩሬ ንድፍ ከቢሯችን ሊወጣ አይገባውም። መሬቱ ሜዳ ከሆነ ከመቆፈር ይልቅ ግድቡን ከፍ ማድረግ፣ ያም ካልተቻለ ቦታውን መለወጥ ለባለቤቱ በግልጽ ሊነገረው ይገባል።

የሚያስፈልገው ከባድ አይደለም። ወለሉ በያንዳንዱ 100 ሜትር አንድ ሜትር ያህል ቢያዘቅዝቅ፣ በ20 ሜትር ርዝመት 20 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። በዝቅተኛው ጫፍ ዓሣው የሚሰበሰብበት ጥልቅ ገንዳ ይሠራል። ከገንዳው በግድቡ ሥር የሚያልፍ የአራት ኢንች ቱቦ፣ አንድ ሜትር ጥልቀት ያለውን የ200 ካሬ ሜትር ኩሬ ከአንድ ቀን ባነሰ ጊዜ ያፈስሰዋል። ቱቦው በውስጥ በኩል ክርን በመሰለ መገጣጠሚያ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ የውኃውን ከፍታ ይወስናል፤ ሲያጋድሉትም ኩሬው ይፈስሳል፤ ቫልቭ መግዛት አያስፈልግም። አፉ ላይ ወንፊት ይታሰራል። በቱቦው ዙሪያ ያለው አፈር በደንብ ካልተጠቀጠቀ ውኃው በዚያው ሾልኮ ግድቡን ስለሚሸረሽር፣ የቁጥጥር መሐንዲሱ ከሁሉ ይልቅ ይህችን ቦታ ቆሞ ያሠራ።

የማፍሰሻውም ጊዜ ቢታሰብበት መልካም ነው። በሁዳዴ የዓሣ ገበያ ስለሚደራ፣ ባለቤቱ መከሩን በዚያ ወቅት ቢያደርስ ይጠቀማል። ሥራው በማለዳ፣ ውኃው ሳይሞቅ ቢፈጸም ዓሣው ሳይጎዳ ይወጣል።

የምሳሌውን ኩሬ ንድፍ ከነቱቦው ዝርዝር በበሩ አጠገብ ባለው ሠሌዳ ላይ ሰቅዬዋለሁ። የግድቡን ወርድ በሚመለከት አሸዋማ አፈር ባለበት አካባቢ የሠራችሁ ባልደረቦች ያላችሁን አስተያየት በውይይቱ ጊዜ ብትሰጡኝ ደስ ይለኛል።