ይሸታል ስለ መባል
(ሃውቶርን ላይ በተደረገ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



እዚህ ሃውቶርን በተከራየነው ቤት የወጣችን ሽታ ጎረቤት አስቸገረ ተብሎ፣ አከራያችን ባለፈው ወር አስጠንቅቀውናል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ትምህርት ቤት ስንወጣ ኮታችንን እያሸተትን ነው። ትስቁብን ይሆናል፤ ነገር ግን ከመካከላችሁ ኮቱን አሽትቶ የማያውቅ ያለ አይመስለንም። በፌርፋክስ ጎዳና፣ ከ2002 እ.ኤ.አ. ጀምሮ «ትንሿ ኢትዮጵያ» በሚባለው ሠፈር ግን፣ ፈረንጁ ያንኑ በርበሬ ገንዘብ ከፍሎ ያሸተዋል።

እንግሊዛዊው ደራሲ ጆርጅ ኦርዌል በ1937 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ፣ እርሱን የመሰሉ ልጆች «ወዛደር ይሸታል» እየተባሉ ማደጋቸውን ሳይደብቅ ጽፏል። እኛስ ምን እየተባልን አደግን? ቆዳ የሚያለፋውን ሰው «ፋቂ» ብለን ከማዕዳችን አራቅነው፤ እርሱ ያለፋውን ጀንዲ ግን አልጋችን ላይ አንጥፈን ተኛንበት። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅ በሥራው እንዳይሰደብ አዋጅ አስነግረው ነበር፤ ስድቡ ግን አዋጁን ተሻግሮ እኛ ዘንድ ደርሷል።

ከሁሉ የሚብሰው በከፋ አገር የሚኖሩት የማንጆዎች ነገር ነው። ማንጆዎች በአደን የታወቁ ነበሩ። ጉሬዛና ከርከሮ ይበላሉ፣ ስለዚህም ይሸታሉ ተብለው፣ ከሌላው ቤት እንዳይገቡ፣ በሌላው ዋንጫም እንዳይጠጡ ተከለከሉ። ከጫካ ያመጡትን ማገዶና ከሰል ግን ገበያው አልጠላውም፤ ከሰል መቼም የሻጩን ዘር አይሸትም። ኋላም ብዙዎቹ ያንን ሥጋ እርም አሉ። ይሸታሉ መባሉ ግን አልቀረላቸውም፤ መገለሉም እስከ ዛሬ ፈጽሞ አልጠፋም። እንግዲህ ሽታው ከሥጋው ነበር ከተባለ፣ ሥጋው ከቀረ በኋላ ከወዴት መጣ? አፍንጫም እንደ ምላስ የሚማረው ቋንቋ አለው፤ የሚያስተምረውም የበላይና የበታች ብሎ ሰውን የከፈለው ኅብረተሰብ ነው።

ፌርፋክስ ላይ ጢሱን እያየን የምንመካበት ቡና በዱር የሚበቅለው በዚያው በከፋ ጫካ ነው። ጫካውን አብጠርጥረው የሚያውቁት ማንጆዎች ቡናው ከሚፈላበት ቤት ደጅ ቆመው ኖረዋል።

በዚህ ስብሰባ መካከል የፋቂ ወይም የሸክላ ሠሪ ልጅ ይኖር ይሆናል። ካለም እስከ ዛሬ አልነገረንም፤ እኛ ስለ ኮታችን ስናማርር ዝም ብሎ ሲያዳምጠን ቆይቷል።