አንጎልን በኤሌክትሪክ ማነቃቃትና ከስትሮክ በኋላ የመራመድ ልምምድ
(ለማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ የቀረበ ንግግር)



በስትሮክ ተመትቶ አንድ ጎኑ የደከመ ሰው ብዙውን ጊዜ ሐኪሙን አስቀድሞ የሚጠይቀው «እንደገና እራመዳለሁ ወይ?» በማለት ነው። ይህ ጥያቄ ለሕክምና ባለሙያ ብቻ የተተወ ቢመስልም፣ ዛሬ መሐንዲሱንም ይመለከታል።

ነገሩ ከመለካት ይጀምራል። ታማሚው 10 ሜትር በስንት ሴኮንድ እንደሚራመድ በሰዓት ይያዛል። በሴኮንድ 0.4 ሜትር እንኳ የማይራመድ ሰው ውሎው ባብዛኛው ከቤት አይወጣም፤ ከ0.8 ሜትር ያለፈ ግን መንገድ ተሻግሮ ገበያ ደርሶ ለመመለስ ይበቃል ተብሎ ይገመታል። እንግዲህ 10 ሜትርን በ25 ሴኮንድ መጨረስና በ12 ሴኮንድ ተኩል መጨረስ ሁለት የተለያየ ኑሮ ነው።

አንጎልን የራስ ቅል ሳይከፈት ለማነቃቃት ሁለት ዋና ዘዴዎች አሉ። የመጀመሪያው ፋራዴይ እ.ኤ.አ. በ1831 ባገኘው ሕግ ላይ የተመሠረተ ነው። አንቶኒ ባርከርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1985 በእንግሊዝ አገር በሼፊልድ ከተማ፣ በጥቅል ሽቦ ውስጥ ለቅጽበት ብርቱ ጅረት ሲለቀቅ የሚፈጠረው የማግኔት መስክ የራስ ቅልን ያለ ሕመም አልፎ የሰውን እጅ እንደሚያንቀሳቅስ አሳዩ። ሁለተኛው፣ ኒትሼና ፓውሉስ እ.ኤ.አ. በ2000 በጀርመን አገር በጌቲንገን ከተማ ውጤቱን የገለጹት የቀጥተኛ ጅረት ዘዴ ነው። በጨው ውሃ በራሱ ሁለት ስፖንጆች አማካይነት ከ1 እስከ 2 ሚሊአምፔር ጅረት ለ20 ደቂቃ ያህል ይሰጣል። ይህ ጅረት የነርቭ ሕዋሳትን በቀጥታ አያስነሣም፤ ለመነሣት ያላቸውን ዝግጁነት ከፍ ወይም ዝቅ ያደርጋል እንጂ።

ፊዚዮቴራፒ አስፈላጊ የሚሆነውም ስለዚህ ነው። የታረሰ ማሳ ዘር ካልተዘራበት አያበቅልም፤ ዘሩም ልምምዱ ነው። ይኸውም ከወንበር መነሣት፣ ክብደትን ወደ ደከመው እግር ማዛወር፣ መራመድና ይህንኑ ሳይታክቱ መደጋገም ነው።

ይሁን እንጂ እግር ከእጅ ይልቅ ያስቸግራል። እጅን የሚያዘው የአንጎል ክፍል ወደ ላይኛው ገጽ ቀርቦ ሲገኝ፣ እግርን የሚያዘው ግን በግራና በቀኝ አንጎል መካከል ባለው ስንጥቅ ውስጥ ይገኛል። የማግኔት መስክ ከጥቅሉ በራቀ መጠን ይደክማል፤ የሁለቱ እግሮች ክፍሎችም ስለሚጎራበቱ አንዱን ለይቶ መንካት አዳጋች ነው። ከቀጥተኛው ጅረትም አብዛኛው በራስ ቆዳ በኩል ሾልኮ ይቀራል።

ከዚህም የተነሣ ውጤቱ አንድ ወጥ አልሆነም። አንዳንድ ጥናቶች ማነቃቂያው ከልምምድ ጋር ሲጣመር ፍጥነት እንደጨመረ ሲገልጹ፣ ሌሎች ከልምምዱ ብቻ የተለየ ጥቅም አላገኙም። ብዙ ታማሚዎች በመጀመሪያዎቹ ወራት በተፈጥሮም ስለሚሻላቸው፣ ያለ ማነጻጸሪያ የሚነገር መሻሻል ማስረጃ ሊሆን አይችልም። በመሆኑም በጥንቃቄ በሚሠሩ ጥናቶች ለከፊሎቹ ታማሚዎች መሣሪያው ቆዳን ጥቂት ካሳከከ በኋላ በስውር ይጠፋል።

ፈተናው ያለው እዚህ ላይ ነው። የቀጥተኛው ጅረት መሣሪያ በባትሪ የሚሠራና ዑደቱ ቀላል ስለሆነ፣ ሠርቶ ለመሸጥ አያዳግትም። የተጨነቀ ቤተሰብ ደግሞ ያለውን ሸጦ ይገዛል። ፊዚዮቴራፒስት በማይበቃበት አገር ሣጥኑ የባለሙያውን ቦታ የሚተካ ሊመስል ይችላል፤ አይተካም። ስፖንጁ ሲደርቅ ቆዳን ያቃጥላል፤ የማግኔቱም ምት የሚጥል በሽታ ሊቀሰቅስ ይችላል።

ስለሆነም የመሐንዲሱ ግዴታ ጅረቱን በአስተማማኝ ሁኔታ መገደብ፣ የተሰጠውን መጠን መመዝገብ፣ ያልተረጋገጠውንም ተረጋግጧል አለማለት ነው። ጠንካራ የእጅ መደገፊያ፣ ለቁርጭምጭሚት የሚስማማ ድጋፍና የማያሳስት ሰዓትም የእርሱ ሥራዎች ናቸው። የሠራው መሣሪያ የሚመዘነውም በውስብስብነቱ ሳይሆን ታማሚው 10 ሜትሩን በሚጨርስበት ሴኮንድ ነው።